ከስቶቭ እስከ ላይኛው ካቢኔት፦ ርቀቱን ለክቶ የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ኪችን ካቢኔት ያስገጠሙ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ቦታ ላይ ይሳሳታሉ፤ በስቶቩና በላይኛው ካቢኔት መካከል ያለውን ርቀት የሚለኩት ከግራናይቱ ተነሥተው እንጂ እሳቱ ከሚነድበት ተነሥተው አይደለም። ካቢኔት ሠሪው ከግራናይቱ እስከ ላይኛው ካቢኔት ሥር 55 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ትቶ ይሄዳል። ይህ ልክ ሽንኩርት ለሚከተፍበትና ዕቃ ለሚደረደርበት ቦታ በቂ ነው፤ እሳት ለሚነድበት ቦታ ግን አይበቃም። ቤተሰቡ ደግሞ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የጠረጴዛ ስቶቭ ገዝቶ በዚያው ግራናይት ላይ ያስቀምጣል፤ የቀረው ርቀት ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ወረደ ማለት ነው።

በታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የዘመድ ቤት ይህንኑ አይቻለሁ። ካቢኔቱ ከተገጠመ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከስቶቩ በላይ ያለውን የካቢኔት ሥር በባትሪ መብራት ሳየው፣ ነጩ ፎርማይካ በድስት አፍ ልክ ክብ ሠርቶ ቡናማ ሆኗል፤ የጠርዙ ልባጥ ሙጫው ለቅቆ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ፎርማይካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ደርቆ ጠቁሯል። በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የሚመጣው ዓሣ በተጠበሰ ቁጥር ከዘይቱ የተነሣው ቅባትም እዚያው ላይ እንደ ማር ተጣብቆ ነበር። እንጨት ለወራት ግለት ሲመላለስበት ከአዲስ እንጨት ይልቅ በቀላሉ ይያያዛል፤ ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ የሚያጽናና አይደለም፤ ቀን በገፋ ቁጥር አደጋው እየቀረበ ይሄዳል።

ከዚህ በታች የምሰጣቸው ልኮች ለተራ የጋዝና የኤሌክትሪክ ስቶቭ የሚያገለግሉ ናቸው። ከስቶቩ ወይም ከጭስ መሳቢያው ጋር የመጣ ወረቀት ካለዎትና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ከእኔ የሚበልጥ ከሆነ የወረቀቱን ይያዙ። ሁለት ወረቀቶች የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ ትልቁን ይውሰዱ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

የሚያስፈልግዎት ዕቃ ይህ ነው፦ የብረት ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የባትሪ መብራትና ልኩን የሚጽፉበት ወረቀት። ቱንቢ ከሌለዎት ክር ላይ የታሰረ ከባድ ብሎን ይበቃል። ካቢኔቱን ማንሳት ካስፈለገ ድሪል፣ ካቻቢቴና ፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ በግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው) ይጨመራሉ፤ እነዚህን ግን ልክና ውሳኔ ሳያልቁ አይግዙ።

1. ስቶቩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ግለቱን ይይዛል።
2. ጋዝ ከሆነ የስቶቩን ማብሪያ ብቻ ሳይሆን በሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን ሬጉሌተር ይዝጉ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን ይንቀሉ።
3. ከላይኛው ካቢኔት ውስጥ ዕቃውን ሁሉ ያውጡ። ዕቃ የሞላበት ካቢኔት መሐሉ በትንሹ ስለሚጎብጥ ልኩን ያሳስታል፤ ማንሳት ቢያስፈልግም ባዶ መሆን አለበት።
4. የካቢኔቱን ሥር በሞቀ ውሃና በዕቃ ሳሙና ጠርገው ያድርቁ። ቅባቱ ሳይነሣ የቃጠሎ ምልክቱን መለየት አይቻልም፤ የተከማቸው ቅባት ራሱም ነዳጅ ነው።

ደረጃ 2፦ መለካት

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው። አምስት ልኮች አሉ፤ ሁሉንም ይለኩ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ከዚያም ይጻፉ።

የመጀመሪያው ልክ፦ ቁመት። የሜትሩን ጫፍ ድስት በሚቀመጥበት ብረት ላይ ያሳርፉ፤ በግራናይቱ ላይ ወይም በስቶቩ ገላ ላይ አይደለም። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይውጡና በመጀመሪያ የሚያገኙት የሚቃጠል ነገር ላይ ያቁሙ። ብዙ ካቢኔቶች መብራት ለመሸፈን ወይም ለጌጥ ተብሎ ከፊት ለፊታቸው ወደ ታች የወረደ ጠባብ እንጨት አላቸው፤ ልኩ የሚያበቃው እዚያ ላይ እንጂ ከእርሱ ከፍ ብሎ ባለው በካቢኔቱ ሥር ላይ አይደለም። ይህን ልክ በእያንዳንዱ ማንደጃ ላይ ይድገሙት፤ ግድግዳው ወይም ግራናይቱ ካዘነበለ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ ትንሹን ይያዙ።

ምንም መከላከያ ለሌለው የእንጨት፣ የቺፕውድ ወይም የኤም ዲ ኤፍ ካቢኔት ዝቅተኛው ርቀት 76 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩ ያልተጠጋጋ የሆነው ከ30 ኢንች የመጣ ስለሆነ ነው። በአንዳንድ መመሪያዎች ላይ ለኤሌክትሪክ ስቶቭ ከዚህ ያነሰ ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ለሁለቱም 76 እንዲይዙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም መብራት በሚጠፋበት ቀን ብዙ ቤት የኤሌክትሪኩን ስቶቭ ገፋ አድርጎ በዚያው ቦታ ላይ ጋዝ ያበራል።

ይህ ርቀት የተጋነነ የሚመስለው ሰው ትልቁን የዶሮ ወጥ ድስት በስቶቩ ላይ አስቀምጦ ይየው። ድስቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለው፣ ከ76ቱ የሚቀረው 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ክዳን ለማንሳት፣ ማማሰያ ለማዞርና እንፋሎቱ ለመበተን የሚያስፈልገው ቦታ እርሱ ብቻ ነው። ርቀቱ 48 ቢሆን ኖሮ የድስቱ አፍ ከእንጨቱ በ18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቅ ነበር።

ሁለተኛው ልክ፦ የጎን ካቢኔት። ይህ ከስቶቩ በቀጥታ በላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ የተሰቀለው ነው። ቱንቢውን ለስቶቩ ከሚቀርበው የካቢኔት ጎን ወደ ግራናይቱ ይጣሉ፤ ቱንቢው ካረፈበት ነጥብ እስከ ስቶቩ ጠርዝ ይለኩ። በየጎኑ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ስቶቩ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው በሁለቱ ካቢኔቶች መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቱንቢው ስቶቩ ላይ ካረፈ ካቢኔቱ «የጎን» መሆኑ ቀርቶ በእሳቱ ላይ የተሰቀለ ስለሆነ በመጀመሪያው ልክ ይዳኝ።

ሦስተኛው ልክ፦ ከጎን የቆመ ነገር። ፍሪጅ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ቁም ሳጥን ወይም የጎን ግድግዳ ካለ፣ ከቅርቡ ማንደጃ ጠርዝ ይለኩ። ሴራሚክ ለለበሰ ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ለእንጨትና ለፍሪጅ 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። የቤትዎ ኪችን መስኮት ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ማለትም ወደ ምዕራብ የሚከፈት ከሆነ ከዚህም በላይ ይጨምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የጋዙን ነበልባል ከድስቱ ሥር አውጥቶ ወደ ጎን ሲያስተኛው ማየት የተለመደ ነው።

አራተኛው ልክ፦ የኋላ ግድግዳ። ከስቶቩ የኋላ ጠርዝ እስከ ግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑር። ግድግዳው ሴራሚክ ወይም ባዶ ልስን መሆን አለበት፤ በቅርብ ጊዜ በብዛት የሚሸጠው ሴራሚክ መሳይ የፕላስቲክ ልጥፍ ከስቶቭ ጀርባ ቦታ የለውም።

አምስተኛው ልክ፦ መጋረጃ። መጋረጃው በነፋስ ሲነሣ እስከምን እንደሚደርስ በእጅዎ ዘርግተው ይለኩት። ስቶቩ ላይ የሚደርስ ከሆነ ሌላ ልክ አያስፈልግም፤ መጋረጃው ይነሣ።

ደረጃ 3፦ ክልሉን በግድግዳው ላይ ማስመር

ቁጥር በወረቀት ላይ ሲቀር ይረሳል፤ ሠራተኛም ሲመጣ በግምት ይሠራል። ስለዚህ ክልሉን በወረቀት ፕላስተር በግድግዳው ላይ ያስምሩት።

1. ከስቶቩ ግራና ቀኝ ጠርዝ 10፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብለው በግድግዳው ላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉ።
2. ከሁለቱ ነጥቦች በውሃ ልክ እያዩ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ላይ ያውጡ።
3. ከድስት ማስቀመጫው ብረት 76 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለክተው ሁለቱን መስመሮች በአግድም ያገናኙ።

በዚህ ሳጥን ውስጥ እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ የሶፍት መስቀያ፣ ፎጣ፣ የቅመም መደርደሪያም ሆነ የኤክስቴንሽን ገመድ አይገባም። ካቢኔት ሠሪው ገና ያልመጣ ከሆነ ፕላስተሩን ሳያነሡ ያሳዩት፤ አብዛኛው ክርክር እዚያው ያልቃል።

ካቢኔት ለሚያሠሩ ደግሞ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከወለል እስከ ግራናይቱ 88 ሴንቲ ሜትር፣ የስቶቩ ቁመት እስከ ድስት ማስቀመጫው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ባዶው ክልል 76፤ ድምሩ 176 ሴንቲ ሜትር ነው። ከስቶቩ በላይ ያለው ካቢኔት ሥሩ ከወለል ከ176 በታች አይወርድም። የካቢኔቱ ቁመት 70 ከሆነ አናቱ 246 ላይ ይደርሳል፤ ኮርኒሱ ከዚያ ዝቅ ካለ ካቢኔቱን ያሳጥሩ እንጂ ክልሉን አይቀንሱ። ወደፊት ስቶቭ ለመቀየር ካሰቡ ይበልጥ ቁመት ባለው ስቶቭ ያስሉ።

ደረጃ 4፦ በልኩ መሠረት መወሰን

የቁመቱ ልክ 76 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ከ61 እስከ 75 ከሆነ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ በመከላከያም ሊፈታ ይችላል። ከ61 በታች ከሆነ ግን የትኛውም መከላከያ አያድነውም፤ ወይ ስቶቩ ይነሣል፣ ወይ ካቢኔቱ ይነሣል። መፍትሔዎቹን በምመርጣቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስቶቩን ያዛውሩ። ወጪ የሌለውና ዛሬውኑ የሚደረግ ይህ ነው። በላዩ ላይ ካቢኔት የሌለበት የግራናይት ክፍል ካለ ስቶቩ ወደዚያ ይሂድ። የጋዙ ጎማ ካልደረሰ ሁለት ጎማ አይቀጥሉ፤ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ አንድ ወጥ ጎማ ይግዙና ሲሊንደሩን ያስጠጉ። ጎማው ከስቶቩ ሥር ወይም ከጀርባው ተጠግቶ አይለፍ። ሬጉሌተሩን ከከፈቱ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ ዘግተው እንደገና ያጥብቁት። በክብሪት መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ከስቶቩ በላይ ያለውን አንዱን ካቢኔት ብቻ ያውርዱት። ባዶ የቀረው ቦታ ያስቀይማል የሚሉ አሉ፤ ጭስ መሳቢያ ሲገባበት ግን ቦታው የታሰበበት ይመስላል። የወረደውን ካቢኔት ሌላ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ካቢኔቱን ከፍ ያድርጉት። አሠራሩ በደረጃ 5 ተዘርዝሯል።

አራተኛ፣ መከላከያ ይሥሩለት። ይህ የሚፈቀደው ርቀቱ ከ61 ሴንቲ ሜትር ሳያንስ ብቻ ነው። መከላከያ ማለት ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይቃጠል የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ በላሜራ ተሸፍኖ በካቢኔቱ ሥር ሲገጠም ነው። ላሜራ ብቻውን በእንጨቱ ላይ ቢመታ አይጠቅምም፤ ብረቱ ሲግል ግለቱን በቀጥታ ለእንጨቱ ያስተላልፈዋል፤ እንጨቱ ሲጠቁርም ስለሚሸፍነው አይታይም። ርቀቱ የሚለካውም ከመከላከያው ሥር ነው። ሰሌዳ ጠፋ ተብሎ የአሮጌ ጣሪያ አስቤስቶስ አይቁረጡ፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። የብር ወረቀት የሚመስለውን ተለጣፊ ፎይልም ይተዉት፤ ሙጫው ሲሞቅ ይለቅና ከነቅባቱ እሳቱ ላይ ይወርዳል።

ደረጃ 5፦ ካቢኔቱን አውርዶ ከፍ አድርጎ መስቀል

ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ብቻዎን አይጀምሩት።

1. በኪችኑ መስመር ያለውን ብሬከር ያጥፉ። በካቢኔቱ ሥር መብራት ካለ ገመዱ እንዲላቀቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ።
2. ስቶቩን ከቦታው ያንሡና ግራናይቱን በካርቶን ይሸፍኑ።
3. መጀመሪያ በሮቹን ከማጠፊያቸው ይፍቱ፤ ካቢኔቱ በጣም ይቀላል። በሮቹን በእርሳስ «ግራ» «ቀኝ» ብለው ምልክት ያድርጉባቸው።
4. ካቢኔቱን ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ይፍቱ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በማጠፊያው አጠገብ ናቸው። ሳይፈቱ ቢጎትቱ የጎረቤቱን ፎርማይካ ይገነጥላሉ።
5. አንዱ ሰው ከሥር ደግፎ ይያዝ፤ ሌላው ከግድግዳ የያዙትን ብሎኖች ይፍታ። የመጨረሻው ብሎን እስኪወጣ ድረስ የሚደግፈው ሰው እጁን አያንሣ።
6. በአዲሱ ቁመት ላይ፣ ማለትም ካሰመሩት አግድም መስመር ላይ፣ ቀጥ ያለ እንጨት በጊዜያዊነት በግድግዳው ላይ ይምቱ። ካቢኔቱ በዚያ ላይ አርፎ ይበሳል፤ በእጅ አንጠልጥሎ መብሳት ልኩን ያዛባል፣ እጅም ያደክማል።
7. ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ በላይ በቀጥታ አይብሱ፤ ገመዱ በዚያ መስመር ወደ ላይ ይወጣል።
8. ካቢኔቱን በብሎን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ጊዜያዊውን እንጨት ያውርዱ። ይህ እንጨት ተረስቶ እንዲቀር አይፍቀዱ፤ የተከለከለው ክልል ውስጥ ነው ያለው።

የሐዋሳ ቤቶች ግድግዳ በአብዛኛው ብሎኬት ነው። ድሪሉ ባዶው ክፍል ላይ ከወደቀ ፊሸሩ አብሮ ይዞራል፣ ብሎኑም አይጠብቅም። እንዲህ ከሆነ ብሎኑን በኃይል አያስገቡት። ለብሎኬት ባዶ ክፍል የተሠራ፣ ሲጠብቅ ከውስጥ የሚከፈት ፊሸር ይጠቀሙ፤ ወይም ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልተው ለጥቂት ቀናት አስጠንክረው እንደገና ይብሱ፤ ወይም ጥቂት ጎን ሄደው ጠንካራውን ክፍል ይፈልጉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለችና መሬቱ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ስላለ ነው፤ በሚነድ ስቶቭ ላይ የሚወድቅ ካቢኔት ከሚቃጠል ካቢኔት አያንስም።

መካከለኛው ካቢኔት ከፍ ሲል አንድ ያልታሰበ ነገር ይፈጠራል፤ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው የጎረቤት ካቢኔቶች ጎን አሁን ለእሳቱ ይጋለጣል። ፎርማይካ ያልለበሰ ጥሬ ቺፕውድ ሆኖ ሊያገኙትም ይችላሉ። ሁለተኛውን ልክ አሁን እንደገና ይለኩ። 10 ሴንቲ ሜትሩ ካልሞላ ስቶቩን ወደ መካከል ይግፉ፤ መካከል ላይ ሆኖም ካልሞላ ስፋቱ ጠባብ የሆነ ስቶቭ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 6፦ የጎን በሮችና የውስጥ ዕቃ

የጎን ካቢኔት ተዘግቶ ሳለ ርቀቱን ቢያሟላም በሩ ሲከፈት እሳቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ማጠፊያው የት እንዳለ ይዩ። ከስቶቩ በስተግራ ያለ ካቢኔት ማጠፊያው በግራ፣ በስተቀኝ ያለው በቀኝ መሆን አለበት፤ በዚህ ሁኔታ በሩ ከእሳቱ እየራቀ ይከፈታል። ተገላቢጦሽ ከሆነ በሩ ከ90 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር በድስቱ ላይ ያንዣብባል። ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ለአናጺ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ከስቶቩ በላይ ባለው ካቢኔት ውስጥ በየቀኑ የሚፈለግ ነገር አያስቀምጡ። ቡና፣ ስኳርና ጨው እዚያ ከሆኑ አንድ ሰው በቀን አሥር ጊዜ በእሳቱ ላይ ተንጠራርቶ ይዘረጋል፤ የነጠላ ዘርፍና ሰፊ እጅጌ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ዘይት፣ አልኮልና የሚረጭ ጣሳም እዚያ አይቀመጥ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይኛው ካቢኔት ሥር ጨርሶ ባይቀመጥ ይሻላል። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቺፕውዱን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ቺፕውድ ብሎን አይዝም። የከሰል ምድጃ ደግሞ ከካቢኔት ሥር ብቻ ሳይሆን በተዘጋ ኪችን ውስጥም ቦታ የለውም።

ደረጃ 7፦ ጭስ መሳቢያ ካለ

ሁድ የሚባለው የብረት ጭስ መሳቢያ ከእንጨት ይልቅ ጥቂት ቀረብ ማለት ይችላል። ወረቀቱ ሌላ ካላለ፣ ለጋዝ 75፣ ለኤሌክትሪክ 65 ሴንቲ ሜትር ይያዙ፤ ልኩ የሚነሣው አሁንም ከድስት ማስቀመጫው ነው። ስፋቱ ከስቶቩ አይነስ። የብረት ማጣሪያውን በወር አንድ ጊዜ በሞቀ ውሃና ሳሙና ይጠቡት፤ ቅባት የጠገበ ማጣሪያ ጭስ አይስብም፣ እሳት ቢነሣም ቀድሞ የሚይዘው እርሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

1. ትልቁን ድስት በሁለት ሦስተኛው ውሃ ሞልተው በትልቁ ማንደጃ ላይ ያስቀምጡ። ባዶ ድስት አይጣዱ።
2. እሳቱን እንደ ወትሮው አድርገው ለ30 ደቂቃ ያንድዱ፤ ከኪችኑ አይውጡ።
3. እሳቱን ካጠፉ በኋላ የእጅዎን ጀርባ በካቢኔቱ ሥር ያሳርፉ። አሥር ሰከንድ ያለ ችግር ከቆየ ርቀቱ ይሠራል። እጅዎን ከሳቡ ርቀቱ አልበቃም።
4. የጎን ካቢኔቶቹን ለስቶቩ የቀረበ ጎንና የጠርዝ ልባጣቸውንም እንዲሁ ይንኩ።
5. ለሳምንት ያህል በየቀኑ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ አዲስ ቀለም፣ የተነሣ ጠርዝ ወይም የውሃ ጠብታ ካለ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

የሰውነት ሙቀት የሚለካው ግንባር ላይ የሚጠቆም መሣሪያ ለዚህ አያገለግልም፤ የሚለካው በሰውነት ሙቀት ዙሪያ ያለውን ጠባብ ክልል ብቻ ስለሆነ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥዎታል።

ችግር ሲያጋጥም

የተከራዩት ቤት ከሆነና አከራዩ ካቢኔት እንዲነካ ካልፈቀዱ፦ ስቶቩን ማዛወር የእርስዎ ሥልጣን ነው። ነጻ ግራናይት ከሌለ ስቶቩን በጠንካራ የብረት ጠረጴዛ ላይ አድርገው ካቢኔት በሌለበት ግድግዳ ያስጠጉት፤ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ይሁን። የጠቆረውን የካቢኔት ሥር ፎቶ አንሥተው ለአከራዩ ያሳዩ፤ ከቃል ይልቅ ፎቶው ያሳምናል።

ካቢኔቱ ቀድሞ የጠቆረ ከሆነ፦ ከፍ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። የጠቆረው ሰሌዳ ይቀየር። ቀለም ቀብቶ ወይም አዲስ ፎርማይካ ለጥፎ መሸፈን የተጎዳውን እንጨት አይመልሰውም፤ ቀጣዩን ምልክት ብቻ ይደብቃል።

ርቀቱ ትክክል ሆኖ ካቢኔቱ አሁንም የሚግል ከሆነ፦ እሳቱን ከድስቱ ጋር ያነጻጽሩ። ትንሽ ድስት በትልቅ ማንደጃ ላይ ሲጣድ ነበልባሉ በጎኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳል። ነበልባሉ ከድስቱ ቂጥ እንዳያልፍ ዝቅ ያድርጉት። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነና ድስቱን ካጠቆረ ማንደጃው መጽዳት አለበት።

ዘይት ከተያያዘ፦ 76 ሴንቲ ሜትር ለዕለት ተዕለት ግለት የተሰላ ነው፤ የተቀጣጠለ ዘይት ነበልባል ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሚጠብሱበት ጊዜ የድስቱን ክዳን ከስቶቩ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ያኑሩ። እሳት ከተነሣ ውሃ ፈጽሞ አይርጩ፤ ውሃው በዘይቱ ሥር ወዲያው ተኖ የሚነድደውን ዘይት እስከ ኮርኒስ ይበትነዋል። ድስቱን አያንሡ፣ ወደ ደጅም ይዘው አይሩጡ። እጅዎ በነበልባሉ ላይ ሳያልፍ ማጥፊያው ከተደረሰ እሳቱን ያጥፉ፤ ካልሆነ በሲሊንደሩ ወይም በብሬከሩ ያጥፉት። ክዳኑን ከእርስዎ በኩል ጀምረው ወደ ፊት እየገፉ ይክደኑት፤ ክዳን ከሌለ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ወፍራም ፎጣ ያልብሱት። ጠፋ ብለው ወዲያው አይክፈቱት፤ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ አየር ካገኘ እንደገና ይያያዛል። ነበልባሉ ወደ ካቢኔቱ ከተሻገረ ለማዳን አይሞክሩ፤ ቤተሰቡን ሁሉ አስወጥተው የኪችኑን በር ይዝጉና፣ አስቀድመው አጣርተው በር ላይ በለጠፉት ቁጥር ለከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ከውጭ ሆነው ይደውሉ።